ወደ ኋላ የፈሰሰው ውሃ

ሬሳው የተገኘው የሚለካው ውሃ ከሚመዘንበት ታንከር ሥር ነው። ሰውየው በጀርባው ተንጋሏል፣ ወለሉ ርጥብ ነው፣ የታንከሩ የብረት ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም «ጆሮው» ነበር የሚሉት። በቧንቧ የሚያልፍ ውሃን በድምፅ የሚለኩ ሴንሰሮችን ሲያስተካክል ሠላሳ ዓመት ኖሯል። ድምፁ ለሰው ጆሮ የማይሰማ ሆኖ ሳለ «እኔ እሰማዋለሁ» እያለ ይቀልድ ስለነበር ስሙ በዚያው ጸና።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ተረኛው ፖሊስ ጉዳዩን ዘግቶ ጠበቃት።

«ያለቀለት ነገር ነው እመቤቴ። ማሽኑ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ሥራ ጀምሮ አርባ ደቂቃ ለክቷል፤ መዝገቡ ይኸው። አሥር ሰዓት ላይ ሰውየው በሕይወት ነበር ማለት ነው። በዚያ ሰዓት እዚህ ምድር ቤት የነበረችው ተተኪዋ ብቻ ናት። ከምሳ በፊት ጣቢያ አስገባታለሁ።»

«ለምን ገደለችው?»

«ሚስቱ እንዳሉት ከሆነ በመሃላቸው ነገር ነበር።»

«ለምን ከምሳ በፊት?»

መርማሪዋን «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት በከንቱ አይደለም። ሰው ሰላም ሲላት እንኳ ለምን ሳትል አታልፍም ብለው ያሟታል።

ክፍሉን ዞረችው። አንድ ወፍራም ቧንቧ በግራ ካለው ፓምፕ ተነስቶ በቀኝ ወደ ሚዛኑ ታንከር ይገባል። ቧንቧው ላይ ሁለት ሴንሰሮች ታስረዋል፤ በግራ ሰማያዊ፣ በቀኝ ቀይ። ከፓምፑ አጠገብ ቁራጭ ጋዜጣ በፕላስተር ተለጥፏል። የበሩ እጀታ ላይ «ውሃው ተኝቷል» የሚል ሰሌዳ ተንጠልጥሏል። መዝገቡን አንስታ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ አድርጋ አየችው።

«ከየቁጥሩ ፊት ያለው ሰረዝ ምንድን ነው?»

«ዝርዝር ስለሆነ ነዋ» አለ ፖሊሱ በኩራት።

ተተኪዋን ዕቃ ቤት ውስጥ ሳጥን ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሁለት ዓመት ከሟቹ ጋር የሠራች፣ ሠላሳ ያልሞላት ባለሙያ ናት። «ተተኪዋ» ያላት ሥራ አስኪያጁ ነው፤ ሲጠራትም ከንፈሩን ጠመም ያደርጋል አሉ።

«ልጄ፣ ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ለምን አልገባሽም?»

«ሰሌዳው ተሰቅሎ ነበራ! ከምሳ በኋላ ፓምፑን አጥፍቶ ውሃውን ያስተኛል። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ጸጥ ካላለ የመለኪያው መነሻ፣ ዜሮው፣ አይያዝም። እንኳን መግባት በሩ ላይ ማሳል ክልክል ነው። አሥር ሰዓት ላይ ፓምፑ ሲነሳ ሰማሁ፤ መለካት ጀመረ አልኩ። ሲዘገይብኝ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገባሁ . . .» ተንሰቀሰቀች። «እናቴ ልቧን ያማታል። እጄን ታስሬ ካየችኝ ትሞትብኛለች።»

«እስካሁን ማንም አላሰረሽም። ይልቅ ነይና ይሄን ሰረዝ ንገሪኝ።»

ልጅቷ መዝገቡን ስታይ ዕንባዋን ረሳችው። ቧንቧው ዘንድ ሄዳ ሴንሰሮቹን አየቻቸው።

«ማይነስ ነው! ማነው እንዲህ ገልብጦ ያሰራቸው? ቀዩ ውሃው ከሚመጣበት ወገን ነው የሚሆነው። ድምፁ ከውሃው ጋር ሲሄድ ይፈጥናል፣ ሲመለስ ይዘገያል፤ ማሽኑ ልዩነቱን ነው የሚያነበው። ሲገለበጥበት ውሃው ወደ ኋላ ይፈሳል ብሎ ያምናል።» ጣቷን በሴንሰሩ ጠርዝ አስኬደች። «ድምፁ እንዲያልፍ ከሥሩ የሚቀባው ቅባት ግን ያምራል። አንድ አረፋ የለውም፣ ርቀቱም ልክ ነው።»

«ፓምፑን የግድ ሰው ነው የሚያስነሳው?»

«ታይመር አለው። ሰዓት ሞልተውለት ይሄዳሉ፤ መለኪያውም አብሮት ይነሳል።»

ሚስቱ ኮሪደር ላይ ጥቁር ለብሳ ተቀምጣለች። ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ አምጥታለት ስድስት ተኩል ላይ ወጥታለች፤ ዘበኛው አይቷታል።

«እሷ ናት!» አለች ገና ሳትጠየቅ። «እኔ ልብሱን አጥቤ፣ አብልቼ፣ አስታምሜ ኖርኩ፤ እሱ ቤት ሲገባ ወሬው 'እሷ እንዲህ አለች፣ እሷ እንዲህ ሠራች' ነው። ራት ላይ እሷ፣ አልጋ ላይ እሷ! አንጀቴ እርር ነው ያለው!»

«በመሃላቸው ነገር አይተዋል?»

ሴትየዋ ነጠላዋን አጠባበቀች። «አላየሁም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ስለ ሥራ ብቻ ነው የሚያወራው። ያ ነው የባሰብኝ።»

«ሴንሰር ነክተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ያን የሚያዝለገልግ ቅባታቸውን ከሸሚዙ ላይ ማስለቀቅ ነው የማውቀው!»

ሥራ አስኪያጁ ፎቅ ላይ ካለው ቢሮው ሆኖ ተቀበላት። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ከደንበኞች ጋር እንደነበር፣ ከዚያ በፊት ምሳ ላይ እንደነበር ሳይደናቀፍ ነገራት። ግድግዳው ላይ የቆየ ፎቶ አለ፤ ሁለት ጎረምሶች ቧንቧ ፊት ቆመው ይስቃሉ።

«እሱና እኔ ነን፣ አሮጌው አዳራሽ ውስጥ። አብረን ነው የጀመርነው። እኔ ወደ ቢሮ ከወጣሁ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ምድር ቤት ያለውን አዲሱን መስመር እንኳ እጄ አልነካውም። ደንበኛ ሁሉ 'የጆሮው ፊርማ አለበት ወይ?' ነው የሚለኝ። እኔን ማን ይጠይቀኛል? እኔ ወንበር አሟቂ ነኝ!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አላለፈም።

መርማሪዋ ፎቶውን ቀርባ አየችው። ፓምፑ በቀኝ በኩል ነው።

ለስድስት ሰዓት ሩብ ሲቀረው ሁሉንም ቧንቧው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ ካቴናውን በእጁ ይዟል፤ ልጅቷ ዓይኗን ከካቴናው መንቀል አልቻለችም።

«ማሽኑ አርባ ደቂቃ ሙሉ ውሃው ወደ ኋላ ይፈሳል ሲል ነበር» አለች መርማሪዋ። «ጆሮው በሕይወት ቢኖር አርባ ደቂቃ ቆሞ ያየው ነበር?»

«አንድ ደቂቃም አይታገስ!» አለች ልጅቷ።

«ስለዚህ ከአሥር ሰዓት በፊት ሞቷል። የሞተው ሚስቱ ስድስት ተኩል ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ገዳዩ ሴንሰሮቹን አስሮ፣ ታይመሩን ለአሥር ሰዓት ሞልቶ፣ ማንም እንዳይገባ ሰሌዳውን ሰቅሎ ሄደ። በአሥር ሰዓት ምድር ቤት ያልነበረ ሰው እንዲድን፣ የነበረች እንድትጠፋ።»

«ሚስቱስ ቀድማ አድርጋው እንደሆነ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሚስትየው በቁጣ ዞረችበት።

«እሳቸው ቅባቱን ሸሚዝ ላይ እንጂ ቧንቧ ላይ አያውቁትም። ይሄን ያሰረ እጅ ግን አረፋ እንኳ አላስቀረም። ሙያው አለው። ልጅቷ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀዩን በግራ ስታስር ኖራለች፤ እጇ እንዴት ይስታል? ይሄ እጅ ቀዩን በቀኝ ማሰር ነው የለመደው። በቀኝ ፓምፕ የነበረው አሮጌው አዳራሽ ነው። እዚያ የተማረ፣ አዲሱን መስመር ነክቶት የማያውቅ ማነው? ፎቶው እርስዎ ግድግዳ ላይ ነው ያለው።»

የሥራ አስኪያጁ ፊት አመድ መሰለ። ሊክድ አስቦ ነበር፤ ቀዩን ሴንሰር ሲያይ ግን ተወው።

«ትናንት ጠዋት ከበሩ ውጭ ሆኜ ሰማሁት!» ብሎ ጮኸ። «'ከሰኞ ጀምሮ የልኬቱን ማኅተም አንቺ ትይዣለሽ' ሲላት! እኔ ሠላሳ ዓመት አጠገቡ ቆሜ! ሚስቱ ከወጣች በኋላ ገብቼ ለምን አልኩት። ሳቀ። ሳቀብኝ! ገፋሁት፣ ብቻ ገፋሁት . . . ቅናት ነው። አዎ፣ ቅናት ነው፣ ምን ትሉኛላችሁ!»

ፖሊሱ ካቴናውን ይዞ ዞረ። መርማሪዋ ግን ወደ ቁራጩ ጋዜጣ ጠቆመች።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ይሄ ለምን ተለጠፈ?»

«ቀለም እስኪደርቅ አቧራ እንዳይነካው ነው» አለች ልጅቷ። ፕላስተሩን ላጠችው። ከሥሩ በቀይ ቀለም የተሳለ ቀስት አለ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ይጠቁማል። «ትናንት ጠዋት ነው የሳለው። ለማን ነው፣ እኛ እኮ እናውቀዋለን ብዬ ሳቅኩበት። 'ጓደኛዬ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ቧንቧው ይመለሳል' አለኝ። 'ቢሮው ገድሎታል። ማኅተሙን አንቺ ትይዣለሽ፣ ዜሮውን የሚይዘው እሱ ነው፤ ከኔ የተሻለ እጅ አለው። እጁ ግን አሮጌው አዳራሽ ላይ ስለቀረ እንዳይሳሳት ነው' አለኝ። ጋሼ፣ ሊነግርዎት ነበር፤ ደስ ብሎት ነበር . . .»

ሚስትየው ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። ሥራ አስኪያጁ ቀስቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«ከግራ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ፣ ከግራ ነው ጋሼ» አለችው ልጅቷ።