ወደ ላይ፣ ወደ ታች

የሰማችሁ ላልሰማ አሰሙ፦ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሃሊፋክስ ከተማ ላይ ዝናብ ዘነበ።

ዝናብ ለሃሊፋክስ ብርቅ ሆኖ አይደለም። የተማሪው የዴክላን ጫማ ግን ውሃ ያስገባል፤ የተሳፈረበት አውቶቡስም ወደ ቤቱ አይሄድም።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ፣ በኮሌጁ የመጀመሪያ የሶሲዮሎጂ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። መምህር ግሪንውድ መኪና የመደብ ጉራ ነው፣ እኔ በእግሬ ነው የምመጣው ካሉ በኋላ፣ ሰው ከየትኛው መደብ እንደሆነ ሰፈሩ ይናገራል ብለው አስረዱ። ዴክላን አጠገብ የተቀመጠችው ኢሞጀን ወዲያው ሰፈርህ የት ነው አለችው። ዓይኗን አየና አፉ ቀደመው፤ ላይ፣ ፓርኩ አጠገብ አለ። እውነቱ ግን ታች፣ ድሆቹ ሰፈር ነው፤ ከዓሣና ድንች መጥበሻ ቤት በላይ ባለች ክፍል፣ ከታመመች እናቱ ጋር።

«እኔ እንኳ የታች ልጅ ነኝ» አለች ኢሞጀን። «የጀልባ ቦዩ ዳር።»

ለካ ጎረቤቱ ኖራለች። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ እሷን ወደ ታች በሚሄደው አውቶቡስ ያሳፍራል፤ እሱ ወደ ላይ በሚሄደው ይወጣል፤ ፓርኩ ጋ ይወርድና በቦዩ ዳር ጥርጊያ ተደብቆ ቁልቁል ይመለሳል። ሰፈሩ ውስጥ እንዳታየው ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወርዳል። አንድም ቀን አላየችውም። ፈጣሪ ይወደኛል ብሎ አሰበ።

ፌርማታው ላይ ግን አውቶቡሷ ሲመጣ ታሳልፈው ጀመር። የሚቀጥለውንም። ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ትከሻዋ ትከሻውን ይነካል።

ዛሬ መምህሩ ከእናንተ መደብ ውጭ ያለ ቤተሰብ ጎብኝታችሁ አጥኑ አሉ።

«ነገ እናንተ ጋ እመጣለሁ» አለችው ፌርማታው ላይ።

«እናቴ እንግዳ አትወድም።»

«እኔ እንግዳ ነኝ?»

ጉንጩን ሳመችውና ሄደች፤ ከዚህ በፊት ስማው አታውቅም። እሱም ተሳፍሮ ወሰነ፦ ነገ ኮሌጅ አይሄድም፤ ከነገ ወዲያም። መጥበሻ ቤቱ ድንች ላጭ ይፈልጋል። ውሸታም ተብሎ ዓይኗ ሲከዳው ከሚያይ፣ እንደወደደችው ቢጠፋ ይሻለዋል። ፓርኩ ጋ ሲወርድ ፊቱ ላይ ያለው ዝናብ ብቻ አልነበረም።

ቦዩ ሞልቶ ጥርጊያውን ፖሊስ ዘግቶታል። ወጪውም ወራጁም በድልድዩ ነው።

ድልድዩ መሀል አንዲት ልጅ አንገቷን ደፍታ፣ ዳገቱን እያለከለከች ትመጣለች። ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። ቀና ስትል ኢሞጀን ናት።

ቆሙ። ውሃው ከታቻቸው ያጉረመርማል።

«ወዴት ነው?» አላት።

«አንተስ?»

እጇን ያዘ፤ በረዶ ሆኗል። አላስለቀቀችውም።

ጥቁር ትልቅ መኪና አጠገባቸው ዝግ አለና መስኮቱ ወረደ፤ ሙቀት ወጣ። መሪውን የያዙት መምህር ግሪንውድ ናቸው። እነሱ እሳቸውን አዩ፤ እሳቸውም መሪውን አዩ።

መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ግቡ፣ ላድርሳችሁ። ወደ ላይ ናችሁ ወደ ታች?»

ዴክላን በነጻ እጁ ወደ ታች አመለከተ። ኢሞጀን በነጻ እጇ ወደ ላይ አመለከተች።

የቀሩት ሁለት እጆች እንደተያያዙ ናቸው።