እጅ የማያውቅ ክፍል

ሦስተኛው ቁልፍም እምቢ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ይከፈታል» አሉ የንብረት ክፍሏ እትዬ ሮማነወርቅ፣ ዘለላውን እያንኳኩ አራተኛውን ሲፈልጉ።

ኢያኤል ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ለእንግዶቹ ፈገግ አለች። አሥራ አራት ሰው ፀሐይ ላይ አቁማለች። እጇ ላይ ያለው ካርድ «ተማሪዎቻችን በየሳምንቱ ተግባራዊ ሙከራ የሚያካሂዱበት ዘመናዊ ቤተ ሙከራ» ይላል። በየሳምንቱ የሚከፈት በር ግን ቁልፉ እንዲህ አይጠፋም። እሷም ብትሆን ዓመቱን ሙሉ በዚህ በር ፊት ስትመላለስ ያየችው መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ብቻ ነው። የማታውቀውን ቤት ልታስጎበኝ ነው።

ዕለቱ የትምህርት ቤቱ የትውውቅ ቀን ነበር። ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። ልጃቸውን ዘጠነኛ ክፍል ሊያስመዘግቡ የሚያስቡ ወላጆችና አዲስ የተመደቡ መምህራን በቡድን በቡድን ሆነው ግቢውን ይዞራሉ። ግቢው ደግሞ ተዙሮ አያልቅም፤ አራት ሺህ ተማሪ፣ ሁለት ፈረቃ፣ ዘጠነኛ ክፍል ብቻውን ከ«ሀ» ተነስቶ እስከ «ቸ»። ኢያኤል የ«ቸ» ልጅ ናት። አንድ ቀን በሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ «ፊደሉ ሲያልቅብን በቁጥር እንቀጥላለን» ብላ ሁለት ሳምንት ማይክ ተነጥቃለች። ያ ከክፍል ሲያስባርራት የከረመ አፍ ዛሬ ለእንግዳ ተፈለገና አስጎብኚ ተባለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተክለወልድ ካርዱን ሲሰጧት ጣታቸውን አንስተው ነበር።

«የተጻፈውን ብቻ። ነጥብ እንኳ እንዳትጨምሪ!»

እሷም ለመጨመር አላሰበችም። ካርዱ ትንሽ ቢዋሽ የሚጠቀመው ከሷ ሌላ ማን ሆነና? ኢያኤል የኦቾሎ ልጅ ናት፤ ከዚያ የተራራ መንደር ወደ ከተማ ወርዳ ሲቀላ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። አብራት ትኖር የነበረችው ዕድላዊት ከቤተሰቧ ጋር ሐዋሳ ገባች። ይህን የሰሙት የኢያኤል አባት ቃላቸው አጭር ነበር፦ «ለብቻሽ ኪራይ ቤት? አይሆንም። ሰው ካላገኘሽ መስከረም ላይ እዚሁ መንደር ትማሪያለሽ።» የመንደሩ ትምህርት ቤት ስድስት ክፍል አለው፣ አንዱ የመምህራን ማረፊያ ነው።

ያላት ተስፋ አንድ ብቻ ነበር፤ የአጎቷ ልጅ ሊሻን። ሊሻን ስምንተኛን አልፋለች፣ አሁን እዚያው ቡድን ውስጥ ከአባቷ ከኦይታ አጠገብ ቆማለች። ኦይታ ትምህርት ቤቱን ከወደዱት ሊሻን ትመጣለች፣ ኢያኤልም እዚሁ ትቆያለች። ካልወደዱት ሁለቱም ኦቾሎ ናቸው። ኢያኤል ክረምቱን ሙሉ እንደ ምርጫ ተወዳዳሪ ቀስቅሳለች።

በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ።

መጀመሪያ የታፈነ የአቧራ ሽታ ወጣ። ከዚያ ጋዜጣው ተቀደደና ብርሃን ሲገባ ኢያኤል «እንዴ!» ልትል ነበር፣ ለጥቂት ዋጠችው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ በየጠረጴዛው ቧንቧ፣ በቁም ሳጥን የተደረደረ ብርጭቆ፣ ግድግዳው ሥር ደግሞ ላስቲክ እንደለበሱ የተሰለፉ ስምንት ማይክሮስኮፖች። ካርዱን በአንድ ትንፋሽ አነበበችው።

«አንቺ እዚህ ነው የምትማሪው?» አለች ሊሻን ዓይኗ ፈጦ። «አቦ ታድለሽ!»

«ያው ለምደነዋል» አለች ኢያኤል ትከሻዋን ነቅንቃ።

«እስኪ በዚህ አሳይኝ» አለች ሊሻን ወደ ማይክሮስኮፖቹ እያመለከተች።

አሥራ አራት ሰው ዞሮ አያት። ኢያኤል ከአንዱ ላይ ላስቲኩን ገፈፈችና ልክ እንደ ለመደ ሰው ጎንበስ አለች። ጨለማ ነው።

«ይታያል… አሪፍ ነው።»

«ምንድን ነው የሚታየው?»

«ሴል።»

«የምን ሴል?»

«የ… የአጠቃላይ።»

ከኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ትሁት ናት፤ ከሆሳዕና የተመደበች ወጣት የባዮሎጂ መምህርት። ትውውቁ ሲጀመር «ገና አልወሰንኩም፣ ልየው ብዬ ነው» ስትል ኢያኤል ሰምታታለች። አሁን ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ቀረበች። ሙድ ትይዝብኛለች ብላ ኢያኤል ስትጠብቅ፣ እሷ ግን ከሥር ያለችውን ትንሽ መስታወት በጣቷ ወደ መስኮቱ አዞረቻት።

«ብርሃኑ ከታች ነው የሚመጣው» አለች ቀስ ብላ። «የምናየው ነገር ግን ያስፈልገናል። ክር ያለው ሰው አለ?»

ኦይታ ሸማኔ ናቸው፤ ክር ሲባል ዝም አይሉም። ከጋቢያቸው ጫፍ አንዲት ክር መዘዙ። ትሁት በመስታወት ቁራጭ ላይ አስተኛቻት፣ አንዱን ማዞሪያ አሽከረከረችና ቦታውን ለቀቀችላቸው።

ኦይታ አጎንብሰው ቆዩ። በጣም ቆዩ።

«ሠላሳ ዓመት ስሸምን ክር እንዲህ ፀጉራም መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ ቀና ሲሉ።

ሊሻን አየችና ጮኸች። መጨረሻ ላይ ተራው የኢያኤል ደረሰ። ያቺ ዓይን የማትሞላ ክር ጨረቃ በመሰለ ክብ ብርሃን መሀል የተጋደመ ጠመዝማዛ ገመድ ሆናለች፤ ከገመዱ ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፉ ቃጫዎች በየአቅጣጫው አፈንግጠዋል። ኢያኤል ትንፋሿን ያዘች። ደስ አላት። ደስታው ግን ወዲያው ወደ ንዴት ተቀየረ። «የማይክሮስኮፕ ክፍሎችን ስም ጻፉ» በሚለው ጥያቄ ከአሥር አሥር ነበር ያመጣችው። ከቦርዱ ላይ ገልብጣ፣ እንደ መዝሙር ሸምድዳ። ስሙን ስትሸመድድ ዕቃው ከግድግዳው ወዲያ፣ ሃያ እርምጃ ላይ ነበር!

ኦይታ በአውራ ጣታቸው የማይክሮስኮፑን ማዞሪያ ይዳስሳሉ። ከዚያ በጋሞኛ፣ ለኢያኤል ብቻ እንደሚያወሩ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ይሄ ዕቃ እጅ አያውቅም። የኔ የሽመና መወርወሪያ እጄ የሚይዘው ቦታ ላይ እንደ ቅቤ ለስልሷል። ሥራ የሚሠራበት ነገር እንዲያ ነው። እስኪ ልጄ፣ አንቺ እዚህ ቤት ስንቴ ገባሽ?»

ሊሻን ክርኗን ቆንጠጥ አደረገቻት። «በየሳምንቱ በያቸው፣ በናትሽ» አለች ከንፈሯ ሳይነቃነቅ።

በሩ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ብቅ አሉ። «ጥያቄ አላቸው? ምንድን ነው የሚሉት?»

አሁን በሁለት ቋንቋ መዋሸት ይቻላል። ለአጎቷ በጋሞኛ «በየሳምንቱ»፣ ለምክትሉ በአማርኛ «ቤቱን ወደድነው ነው የሚሉት»። ሁለቱም ምላሷ ላይ ተዘጋጅተዋል፣ የሲቀላዋ የኪራይ ክፍልም ከኋላቸው ቆማለች። ኢያኤል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ሦስተኛው ነው፤ ያውም ሁሉም በሚሰማው በአማርኛ።

«ስንቴ ገብተሻል ነው የሚሉኝ። ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።»



«ኢያኤል!» አሉ ምክትሉ። ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞረው ሳቅ ለመሳቅ ሞከሩ። «ማለት የፈለገችው… አንዳንድ የንብረት ጉዳዮች ስላሉ…»

«ለምንድን ነው የማይከፈተው?» አለች ትሁት።

የመለሱት እትዬ ሮማነወርቅ ናቸው። «ማን ይረከበው? የድሮው መምህር ተዛወረ። የፈረመ ይጠየቃል። አንድ ብርጭቆ ቢሰበር ‹የት አደረስከው› ነው። ሁሉም አልፈርምም አለ፣ እኔም ሳይፈረምልኝ አልከፍትም።»

«እንዳይበላሽ ነው። ለተማሪዎቹ ስንል እኮ ነው» አሉ ምክትሉ።

«ከተማሪዎቹ ነዋ የምትጠብቁት!» አለች ኢያኤል፣ አፏን ሳትይዘው።

ካርዱ ያኔ ከእጇ ተወሰደ። ቡድኑ ሌላ አስጎብኚ ተሰጠውና ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ነጎደ። ኦይታ ግን በረንዳው ላይ ቀሩ። ተቆጥተው እንደሆነ ኢያኤል ከፊታቸው ልታነብ አልቻለችም።

«እኛ ጋ ቤተ ሙከራ የለም» አሉ። «የለም አሉን፣ አወቅነው። እዚህ ደግሞ አለ ይሉሃል፤ አለ እንዳትል ዝግ፣ የለም እንዳትል ያውልህ። ይሄ ይከብዳል።» ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ። «መኪናችን በዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ምሳ እንበላለን፣ ከልጄ ጋር እንመክራለን። የምትነግሪኝ ነገር ካለሽ መናኸሪያ ነይ። ለአባትሽም የምለው ይኖረኛል።»

ሊሻን ጥቂት እርምጃ ሄዳ ተመለሰች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ምን አስቀባጠረሽ? አንዲት ቃል ነበረች እኮ! እኔ ለራሴ ብቻ መሰለሽ የመጣሁት? ላንቺም ብዬ ነው እኮ! ቀሽም!»

ኢያኤል በግቢው ዞረች። ምንም ያላደረጋትን ጠጠር ጠለዘች። ሁሉም አናደዷት፤ ሊሻን፣ ምክትሉ፣ ቁልፉ፣ ከሁሉም በላይ የገዛ አፏ። ከዚያ ግን ያው አፍ መሥራት ጀመረ። መናኸሪያ ሄዳ የምትለው በጭንቅላቷ ተደረደረ፦ «አጎቴ፣ ሊከፈት ነው። አዲሷ መምህርት ልትረከበው ነው። ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ…» ሲሰማ እንዴት ያምራል! ኦይታ ያምኗታል፤ አሁን እውነት ስለተናገረች ይበልጥ ያምኗታል።

እዚያ የተወችውን ቦርሳዋን ልታነሳ ወደ ቤተ ሙከራው ተመለሰች። ከውስጥ የክርክር ድምፅ ይሰማል።

«እረከበዋለሁ፣ ግን ሳይቆጠር አልፈርምም» ትላለች ትሁት፣ እጇ ላይ የንብረት ዝርዝር ይዛ።

«ለመቁጠር ሦስት ሰው ይፈልጋል» ይላሉ እትዬ ሮማነወርቅ። «አንዱ ይቆጥራል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ከዝርዝሩ ያመሳክራል። ሠራተኛው በሙሉ እንግዳ ላይ ነው። ለመስከረም ይደር።»

ትሁት ወንበር ስባ ተቀመጠች። «መስከረም ላይ እኔም እንደ ሌሎቹ እፈራለሁ። ራሴን አውቃለሁ። ዛሬ ካልፈረምኩ ጭራሽ አልፈርምም።»

ኢያኤል ቦርሳዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመች። ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። አሁን ባጃጅ ብትይዝ ትደርሳለች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ነዘረ፤ ሊሻን ናት። «አባባ ገና አልወሰኑም። አሁን ብትመጪ ይሰሙሻል። ቶሎ በይ!!»

ሄዳ ምን ልትል ነው? ሊከፈት ነው? ክፍሉ እኮ ገና አልተቆጠረም።

መልእክቱን ጻፈች፣ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈችው። «መምጣት አልችልም። ቤተ ሙከራውን ልንቆጥር ነው። ያየነውን አይታችኋል፣ እንደመሰላችሁ ወስኑ።» ላከችውና ስልኩን ዘጋች። 

«እኔ ልቁጠር» አለች።

እትዬ ሮማነወርቅ በመነጽራቸው ላይ አጮልቀው አዩዋት። «አንቺ? በወሬ መሀል ቁጥር ይጠፋብሻል።»

«ዛሬ የማወራው አልቆብኛል፣ እትዬ።»

ትሁት እስክሪብቶዋን አወጣች። ኢያኤል ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ እጅጌዋን ሰበሰበችና በመጀመሪያው ቁም ሳጥን ፊት ተንበረከከች። አቧራው አስነጠሳት። የብርጭቆዎቹን ሣጥን በሁለት እጇ ጎትታ አወጣችው።

«አንድ» አለች።