ከቬስታ በኋላ

ፌበን ተማሪዎቿን ይዛ እንጦጦ የወጣችው ቴሌስኮፕ ልታሳያቸው ነበር። ቀበና ባለው ትምህርት ቤት የምታስተምረው ፊዚክስ በመጽሐፍ ብቻ እንዳይቀር ብላ። የሚያዝያ ሰማይ ግን ለማንም አይታዘዝም፤ ደመናው ወረደና ቴሌስኮፑ ተከድኖ ቀረ። በምትኩ ኢታና የሚባል ወጣት ተመራማሪ ግድግዳው ላይ ፎቶ እያሳየ ስለ አንዲት የጠፈር መንኮራኩር አጫወታቸው።

ሰው የማይሳፈርባት፣ ራሷን ችላ የምትጓዝ ናት አላቸው። ቬስታ የተባለችውን ትልቅ የጠፈር አለት፣ አስትሮይድ የሚሉትን ዓይነት፣ ከዓመት በላይ ስትዞር ኖራ ተሰናበተቻት፤ ዘንድሮ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ ሴረስ የተባለችው ድንክ ፕላኔት ዘንድ ደርሳ እሷን መዞር ጀምራለች።

ፌበን እጇን አወጣች።

«ቬስታ ምን በድላ ነው የተተወችው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ኢታና አልሳቀም። ዓይኑን ከዓይኗ መንቀል አቅቶት ቆየና «ምንም አልበደለችም» አለ።

ለምን እንዳልሳቀ የገባት ከወር በኋላ ነው። ሁለቱ ብቻቸውን እንጦጦ ማርያምን አልፈው በባሕር ዛፉ መሃል ቁልቁል ሲወርዱ፣ ማንም ሳይነግርበት ራሱ ነገራት። ከሁለት ዓመት በፊት ቀለበት ያሰረላትን ልጅ ሠርጉ ሳይደርስ ትቷል። ሁለቱ ቤተሰቦች ፈልገውት፣ እሱም ከአንገት በላይ እሺ ብሎ የገባበት ነገር ነበር። ፌበን ኩርባው ጋ ስትደርስ ቆመች።

«መተውህ ደግ ነው» አለችው። «ቀለበት ከማሰርህ በፊት ቢሆን ይሻል ነበር።»

ይህን ስትል ቀድሞውንም ወዳዋለች፤ እሷ ስትወድ ዞር ብላ የምታመነታ ዓይነት አይደለችም።

የሚያመነቱት አባቷ ነበሩ። አቶ በዳዳ የካ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣሉ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው። በዓመቱ የኢታና ሽማግሌዎች ሲመጡ ልጁን ራሱን አስጠሩት።

«አንዷን የተወ ሰው ሁለተኛዋን ላለመተው ማንን ዋስ ይጠራል?»

የኢታና አፍ ቀደመው። መንኮራኩሯን ዋስ ጠራ። ነዳጇ እያለቀ ነው፤ ከሴረስ ወዲያ መሄጃ የላትም፤ ሥራዋን ስትጨርስም እዚያው እየዞረች ትኖራለች አላቸው። አቶ በዳዳ በጣም ወደዱት። እሑድ መልስ እሰጣለሁ ብለው ሸኙት፤ ሳምንቱን ሙሉም ሲሚንቶ ሊገዛ ለመጣው ሁሉ ስለ ሴረስ ሲያወሩ ሰነበቱ።

ሐሙስ ዕለት ኢታና አንድ ዜና አነበበ። መንኮራኩሯ ካሰቡት በላይ ነዳጅ ተርፏታል። የሚመሯት ሳይንቲስቶች ከሴረስ አስነስተው ወደ ሦስተኛ አካል፣ ወደ ሌላ አስትሮይድ እንላካት እያሉ ነው።

ጓደኞቹ ዝም በል አሉት፤ ሲሚንቶ ነጋዴ ይህን ከየት ያነበዋል? እሱ ግን ቅዳሜ ጠዋት የአቶ በዳዳን በር አንኳኳ። ፌበን ከጓዳ ድምፁን ሰምታ ወጣች። ሁሉንም ሲናገር ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

አቶ በዳዳ እንዲቀመጥ በእጃቸው አመለከቱት።

«ዝም ብትል ነገ እሺ እልህ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምን አስለፈለፈህ?»

«ነገ እሺ ብለውኝ በኋላ ቢሰሙት፣ ፌበንን በአባቷ ፊት አሳፍራት ነበር። እኔ ዋስ የለኝም። ያለኝ ቃሌ ነው፤ አሁን ከአንገት በላይ አይደለም።»

ፌበን ከአባቷ አጠገብ ሳይሆን ከኢታና ጎን ሄዳ ተቀመጠች። በሕይወቷ እንደዚያን ሰዓት ኮርታ አታውቅም።

«አባዬ፣ መንኮራኩሯ ከፈለገች ትሂድ» አለች። «እኔ የማገባው ይሄን ሰው ነው።»

አቶ በዳዳ ስልካቸውን አወጡና ለልጁ ሽማግሌዎች ደወሉ። እሑድን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ኑ አሏቸው። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ምን ተፈጠረ ብሎ ሳይጠይቅ አልቀረም።

«ዋሱ ጠፋ» አሉት። «ሰውየው ግን ተገኘ።»

መንኮራኩሯ እዚያው ሴረስ ዘንድ እንድትቀር የተወሰነው ሰኔ ውስጥ፣ ቀለበት ካሰሩ በኋላ ነው። ለአቶ በዳዳ ለመንገር ማንም አልቸኮለም።