ሙሉ አየር ያዘለው ሬሳ

ከባሕር የወጣው ሬሳ ጀርባው ላይ ያለው ሲሊንደር አየር እንደሞላ ነበር። ኢንስፔክተር ፍሎሪድማ ፓዝ መለኪያውን ደጋግማ አየችው። ሟቹ ሴኖቪዮ ላይኔስ ወደ ኡቲላ ደሴት የመጣው ዶን ኦቪዲዮ የሚሰጠውን ከፍተኛ የጠላቂዎች ሥልጠና ሊገመግም ነበር።

ምን የሚገመገም ነገር አለው! መተንፈሻዎቹ ሻግተዋል፤ በማጠቢያው በርሜል ውስጥ የሞተ ሸርጣን ይንሳፈፋል። ሥልጠናውም የትም ፍጪው ዱቄቱን አምጪው ነው። እዚህ ደሴት «ኦቪዲዮ ዘንድ ድንጋይም ያልፋል» እያልን እንስቅ ነበር።

ሟቹ የጠለቀባት ጀልባ ላይ የነበሩት ኦቪዲዮ፣ አሠልጣኟ ያዲራና መሪ የያዘው ሜልቪን ናቸው። ከሟቹ ጋር የጠለቀችው ያዲራ ብቻ ስለሆነች ፖሊሶቹ ካቴና አስገብተውባታል። ከመጥለቅ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የዕቃ ፍተሻ የፈረመችውም እሷ ናት።

«መቼ ፈረምሽ ልጄ?» አለቻት ፍሎሪድማ።

«ቁርስ ላይ። ሁላችንም ቁርስ ላይ ነው የምንፈርመው።»

ፍሎሪድማ የሲሊንደሩን ቫልቭ ስትመረምር የተከፈተው ሩብ ዙር ብቻ ነበር። ሟቹ ጀልባዋ ላይ የተወው ማስታወሻ ግን «ቫልቩን ራሴ እስከ መጨረሻው ከፍቻለሁ» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ወደቡ ላይ ሰበሰበቻቸው። ሌላ ሲሊንደር አስመጥታ ቫልቩን ሙሉ በሙሉ ከፈተችና አዘለችው።

«ሩብ ዙር የተከፈተ ቫልቭ ላይ ላዩን ያስተነፍሳል፤ ሠላሳ ሜትር ሲወርዱ ግን አይበቃም» አለች። «ሴኖቪዮ ከፍቶ ጽፏል። ከጻፈ በኋላ የነካው ሰው አለ። ሜልቪን እጁ መሪው ላይ ነበር። የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ።»

«እኔ አጠገቡም አልደረስኩ፤ የፈረመችውን ይጠይቋት» አለ ኦቪዲዮ።

ፍሎሪድማ እስቲ ውሃውን ልየው ብላ ጀርባዋን ሰጥታቸው ጫፉ ላይ ቆመች። ኦቪዲዮ ከኋላዋ ጠጋ አለ፤ ቫልቩን እስኪይዝ አዞረው፣ ሩብ ዙር መለሰውና ትከሻዋን መታ አድርጎ «ግቢ!» አላት።

አልገባችም። ዞር ብላ መተንፈሻውን አፏ ውስጥ ከተተች። በሳበች ቁጥር የመለኪያው መርፌ ወደ ታች ይወርድና ተመልሶ ይወጣል፤ ሙሉ በሙሉ የከፈተችው ቫልቭ አሁን ሩብ ዙር ብቻ ክፍት ነበር። ሰው ሁሉ እያየ ኦቪዲዮ እጅ ከፍንጅ ተያዘ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለሁሉም የማደርገው ነው» አለ እጁን እያየ። «የከፈትኩለት መስሎኝ እኮ ነው።»

«ዘግተህበት ነው የላክኸው» አለችው፤ እስከዚያ ትለው የነበረው አንቱታ ቀርቷል። «ይባስ ብለህ በልጅቷ ላይ አላከክህ።»

ካቴናው ከያዲራ እጅ ወጥቶ እሱ እጅ ገባ። እሷ ግን ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ታች ሳሉ ሴኖቪዮ ትርፍ መተንፈሻዋን በእጁ እየጠቆመ ለምኗት እንደነበር፣ እንዴት እንደሚሰጥ ስላላወቀች ጥላው እንደወጣች ነገረቻቸው።

«ኦቪዲዮ ዘንድ ስትሠለጥኚ አየር ማካፈል አልተማርሽም?» አለቻት ፍሎሪድማ ቀስ ብላ።

«ተፈርሞልኛል» አለች ያዲራ።