የሳፋዋ ኤሊ

«ዘጠኝ» አለች ናፊያ፣ ማስመሪያውን ከሥርጉት ኤሊ ጀርባ ሳታነሣ።

«ደግመሽ ለኪ። ከጫፍ አልጀመርሽም።»

«ከጫፍ ነው የጀመርኩት። ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር።»

ሥርጉት ማስመሪያውን ቀምታ ራሷ ለካች። ዘጠኝ ነበር። የናፊያ ኤሊ ግን በዚያው ዕለት ጠዋት ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ፣ ከናፊያ ቤተሰቦች ማሳ ላይ ስትለካ አሥራ ሰባት ሆናለች። ሁለቱ ኤሊዎች ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ናቸው። የዛሬ ስድስት ዓመት የናፊያ አባት የማሽላ ማሳቸውን ሲቆፍሩ ገና የተፈለፈሉ አገኟቸውና አንደኛዋን ለልጃቸው ጓደኛ ለሥርጉት ሰጡ፤ ሌላዋን ጀርባዋ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው እዚያው ለቀቋት። አሁን ልጃገረዶቹ ስምንተኛ ክፍል ደርሰዋል። በማግስቱ ለሚከፈተው የትምህርት ቤታቸው የሳይንስ ዐውደ ርእይም በቤትና በዱር ያደጉ ኤሊዎችን መጠን የሚያነጻጽር ሥራ አስመዝግበዋል።

«ያንቺዋ ሆዳም ስለሆነች ነው» አለች ሥርጉት፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

«ያንቺዋስ ምነው፣ ሁዳዴ ይዛ ነው?»

ናፊያ የሥርጉትን ኤሊ ከሳፋው አንሥታ በእጇ ያዘቻት። ወዲያው ሳቋ ቆመ። አውራ ጣቷ ያረፈበት ቅርፊት እንደ እርጥብ ካርቶን ይሰረጉድ ነበር።

ሥርጉት ይህን ካወቀች ዓመት አልፏታል፤ ለማንም አልተናገረችም። ኤሊ ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚኖር ይመስላት ነበር። ከፈረስ መጋላ ወረድ ባለው ሰፈራቸው ቧንቧው የሚፈሰው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ እናቷ ወይዘሮ ተናኘወርቅም ጀሪካኑን በዓይነ ቁራኛ ይጠብቃሉ። እርሷ ግን ለገላዋ ከሚሰጣት ውሃ ቀንሳ ሳፋው ውስጥ ጥቂት ጥቂት ታፈስ ነበር። ያ በስስት የተገኘ ውሃ በፀሐይ እንዳይተን ደግሞ ሳፋውን ከደረጃው ሥር፣ ከጨለማው፣ አስቀመጠችው። ስድስት ዓመት ሙሉ።

ኤሊዋን ከነሳፋዋ ይዘው በባጃጅ ሐኪም ጋራ ሲደርሱ የናፊያ አባት አቶ መሐመድ ከቁልቋሉ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር። ኤሊዋን ከሳፋው ውሃ አውጥተው ገለበጧትና ሆዷን ተጫኑት።

«ሱብሓነላህ! ይህቺ የደረቅ መሬት ፍጥረት እኮ ናት። ውሃ ውስጥ ማን ዘፈዘፋት?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ መሐመድ።»

«ፀሐይስ?»

«ከደረጃው ሥር ነው ያኖርኳት» አለች ሥርጉት።

«ያለ ፀሐይ ቅርፊቷ በምን ይጠንክር?»

ቀይ ቀለም ያለባት ኤሊ ጥቂት እልፍ ብላ ደረቅ ሣር እየነጨች ትበላ ነበር፤ ጀርባዋ ክብና ጠንካራ ነው። የሥርጉት ኤሊ ከጎኗ ስትቀመጥ ለመራመድ ሞከረች። የኋላ እግሮቿ ግን ተንሸራተው ሆዷ መሬት ላይ ቀረ።

«እዚህ ብተዋትስ?» አለች ሥርጉት። «ከእኅቷ ጋር?»

«በዚህ ቅርፊት? ቁራ እስከ ማታ ይጨርሳታል።»

«ትድናለች?»

«የጠመመው አይቃናም፣ ልጄ። በየቀኑ ፀሐይ ካገኘች፣ ሣርና ቅጠል ከበላች፣ ምናልባት ትቆይ ይሆናል። ላትቆይም ትችላለች። አላህ ያውቃል።» ተነሥተው ወደ ማሳቸው ሄዱ።

ናፊያ የዐውደ ርእዩን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። «ምክንያት» የሚለው ሣጥን ገና ባዶ ነው።

«ስሚ፤ ከተፈለፈለች ጀምሮ በሽተኛ ነበረች ብለን እንጻፍ። ማን ያውቃል? የሳይንስ መምህራችን ሀብተወልድ እንደሆኑ አይጠይቁም።»

«ውሸት ነው እኮ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው! ያቺ የክፍላችን ቤዛ ብትሰማ ‹ኤሊ ገዳይ› ብላ ስም ታወጣልሻለች። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አይለቅሽም።»

«አልሞተችም» አለች ሥርጉት።

«ነገ ጠዋት ብትሞትስ? በሁሉም ፊት?»

ሥርጉት ጣቷን በባዶው ሣጥን ጠርዝ ላይ አስኬደች። ቤዛ ስትስቅ ታያት፤ ሌሎቹም ሲከተሏት። ናፊያ የምትለው ሁሉ እውነት ነበር፤ ማንም አይጠይቅም። ኤሊዋ አንገቷን አውጥታ ዓይኖቿን በብርሃኑ እያጨናበሰች አንድ ቅጠል ልትነክስ ትታገላለች፤ መንጋጋዋም ልፍስፍስ ስለሆነ ቅጠሉ አልበጠስ አላት።

ሥርጉት ቅጠሉን በጥፍሯ አድቅቃ ከአፏ ፊት አኖረችላት። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለችና በሣጥኑ ውስጥ፣ «አሳዳጊዋ ከፀሐይ ከልላ ውሃ ውስጥ ስላኖረቻት» ብላ ጻፈች።

ጥቂት ተመለከተችው። «አሳዳጊዋ» የሚለውን ሰረዘችና ከበላዩ የራሷን ሙሉ ስም አሰፈረች።