ብናኙ የተነፈሰ ቀን

እመኑኝ ብዬ አልለምንም... ዓይኔ ያየው ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሆስፒታላችን ፋርማሲ ጀርባ ባለችው የመድኃኒት መቀመሚያ ክፍል።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ጠርሙስ አጣቢ ሆኜ በተቀጠርኩ ሰሞን፣ ከግድግዳው ማዶ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቼ ነበር።

"እዚያ ክፍል ዱቄቱ ሰው ይለምዳል..."

"እንደ ድመት?"

ሳቁ መሰለኝ። የቀረውን ረስቼዋለሁ።

ክኒን መዋጥ ለማይችሉ ካንሰር ለያዛቸው ሕፃናት፣ ክኒኑን በሙቀጫ ወቅጠን በሽሮፕ እንበጠብጣለን። ለልጆቹ ፈውስ ነው። ብናኙን ለሚስብ ሠራተኛ ግን መርዝ... ለነፍሰ ጡር ደግሞ የባሰ።

የምትወቅጠው ፋርማሲስት ነፍሰ ጡር ነበረች። "ሙሽሪት" እንላታለን።

አለቃችንን ስትለምን ሰንብታለች።

"ጋሼ፣ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ በውሃ እናሟሟው። ብናኝ አይኖረውም።"

"ሳይበላሽ እንደሚቆይ በምን አውቃለሁ?"

"ተፈትኗል እኮ! ጥናቱን ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጬልዎታለሁ።"

"አንቺ ደግሞ! ማስክሽን አጥብቂና ሥሪ። የፈሩት ይደርሳል።"

ያን ቀን መስኮቱ ዝግ ነው። ማራገቢያው ጠፍቷል።

ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ዞር ስል... ነጭ።

ደግሜ ወለወልኩ።

ነጭ።

"እትዬ..." አለች ሙሽሪት። "ጋዋኔን ይዩልኝ።"

ሆዷ ላይ ያረፈው ብናኝ ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል። የተኛ ሰው አፍንጫ ሥር እንዳለ ላባ።

"ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ልጄ።"

"እኔ አይደለሁም። ትንፋሼን ይዤ አየሁት... አይቆምም።"

"አቤቱ፣ አንተ ጠብቃት" አልኩ በልቤ።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ናቸው፤ ከስብሰባ መመለሳቸው ነው። ከጠዋት ጀምሮ ወደዚህ ክፍል አልገቡም።

"ምን ተገትራችሁ..."

አልጨረሱትም። ሆዷን አዩ።

ብናኙ ቀጥ አለ።

ከዚያ... እንደ ተጠራ ሁሉ፣ ከጋዋኗ ላይ ጠፋ። ወለሉ ላይም አልወደቀ።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ያዙ።

"እሺ..." አሉ በሹክሹክታ። "ከዛሬ ጀምሮ ደረቅ ክኒን አይወቀጥም። በተዘጋ ጠርሙስ ይሟሟል። አንቺ ውጪ፣ ልጄ... እስክትወልጂ ሥራሽን እኔ እሠራለሁ።"

ይህን ሲሉ፣ በእያንዳንዱ ቃል፣ ከአፋቸው ነጭ ብናኝ ይወጣ ነበር።