የረቡዕ ዋጋ

መምህር ባንተአምላክ ሐሙስ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ኮኪት ውስጥ የቀን ሠራተኞች በሚቆሙበት አደባባይ ዳር ባለችው የብረት ኮንቴነር ውስጥ፣ ግንባሩን የኮምፒውተሩ ጠረጴዛ ላይ ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ከኋላ በኩል ጭንቅላቱ ተመቷል። የጄኔሬተሩ ማስነሻ ብረት፣ ማኖቬላው፣ በተለመደው ቦታው ተሰቅሏል፤ ግን ታጥቧል። በዚያ ግቢ ታጥቦ የሚያውቅ ብረት አልነበረም።

ጊዜው ጥቅምት 2005 ነው። ሰሊጥ ደርሶ ደጋው ሁሉ ወደ ቆላ የወረደበት፣ ተማሪው ለአጨዳ ወጥቶ ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት የተዘጋበት ወቅት። ኢንስፔክተር ሐዋ ከሸሕዲ በጭነት መኪና ጋቢና ተጭና ስትደርስ ፀሐይዋ ኮንቴነሩን እንደ ምጣድ አግላው ነበር። በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም «የኮኪት ገጽ» ተብሎ ተጽፏል።

«ይሄ የምን ገጽ ነው?» አለች።

«የኢንተርኔት ነው፣ ኢንስፔክተር» አለ የኮኪቱ ኮንስታብል ሰማኸኝ። «ሟቹና ስንሻው ከሦስት ዓመት በፊት አቋቋሙት። ኮሌጅ አብረው ነው የተማሩት። የሠፈሩ ወሬ ይወጣበታል፤ የጠፋ ከብት፣ የታመመ ሰው፣ በየጠዋቱ ደግሞ እዚህ አደባባይ የሚቆረጠው የቀን ሥራ ዋጋ። ኮኪት የኢንተርኔት መስመር ስለማይዝ ሟቹ በስልክ ይነግረዋል፤ ስንሻው ሸሕዲ ካለው ኢንተርኔት ቤቱ ይጽፈዋል።»

«አንተ ታነበዋለህ?»

ሰማኸኝ ሳቅ አለ። «ወሬውን እዚሁ እየሰማሁት ምን ላነብ ብዬ?»

ሐዋ የሰሊጥ ገበሬ ልጅ ናት። ስትመረምር አትጽፍም፤ ጥያቄዋን ጠይቃ ዓይኗን ወደ ሌላ ዕቃ ትወስዳለች፤ ሰው ግን ቀስ በቀስ መናገሩን አይተውም። አሁንም ዓይኗ በበሩ ጥላ ሥር የተሰቀለው፣ ጆንያ የለበሰ ጀሪካን ላይ አረፈ። የቆላ ሰው ውኃው እንዲቀዘቅዝለት ጆንያውን ጠዋትና ቀትር ያረጥበዋል። ይኼኛው እንደ ቆዳ ደርቋል። ክዳኑን ከፈተች። እስከ አፉ ሙሉ ነው።

«ውኃ መቼ መቼ ይመጣለታል?»

«ማክሰኞና ዓርብ፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአህያ።»

«መቼ ሞተ አላችሁ?»

«ትናንት ረቡዕ ከሰዓት። ጠዋት ግን ደኅና ነበር፤ የረቡዕን ዋጋ ለስንሻው ደውሎ ነግሮታል፣ ስንሻውም ጽፎታል። ገዳዩንም ይዘናል። አዱኛ የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ትናንት ከሰዓት ጀምሮ በሩን ሲደበድብ ዋለ፣ ዛሬ ጠዋት ሰብሮ ገብቶ ‹ሞቷል› ብሎ ጮኸ። ማጭድ ይዟል። ነገ በዘጠኝ ሰዓት ጎንደር እንልከዋለን።»

«ማጭድ ያልያዘ ማን አለ በዚህ ወር?» አለች ሐዋ።

አዱኛ ፖሊስ ጣቢያው ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ሐዋን ሲያይ እጁ ታስሮም ለመነሣት ሞከረ።

«ተቀመጥ ወንድሜ። መምህሩን ምን ፈልገህ ነው?»

«ኧረ የኔ እመቤት፣ እኔ ሰውየውን በሕይወቱ አይቼው አላውቅም! ታናሽ ወንድሜ ይስማው ነሐሴ ላይ ለአረም ብሎ ወረደ፤ ቀረ። ሰኞ ለት ጎረቤታችን፣ መምህርት ናት፣ ፍኖተ ሰላም ኮምፒውተር ቤት ገብታ ስሙን ብትፈልገው ከነአባቱ ወጣላት። አሳተመችልኝ። ‹ይኸን የጻፈው ሰው መቃብሩን ያውቃል› ብትለኝ መጣሁ።»

ከኪሱ አጣጥፎ የያዘው ወረቀት ላይ «የኮኪት ገጽ» የሚል ርዕስ አለ። ሥሩ፣ «ከአቶ ደምለው እርሻ ታመው ወጥተው መንገድ ላይ ተትተው የሞቱ» ይልና አሥራ አንድ ስም በቁጥር ይዘረዝራል። ይስማው ሰባተኛ ነው። ከግርጌ፣ «ይህን ያነበቡ፦ 4» ይላል።

«ኮኪት መቼ ገባህ?»

«ማክሰኞ ጎንደር አደርኩ። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ገባሁ። ትኬቴ እዚያ ከቦርሳዬ ጋ አለ፤ የሚያየው ግን የለም።»

ሐዋ ትኬቱን አየችው፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን መምህሩ ረቡዕ ከሰዓት ከሞተ ትኬቱ አያድነውም፤ ማክሰኞ ከሞተ ግን ያድነዋል። የአንድ ሰው አንገት በአንድ ቀን ልዩነት ላይ ተንጠልጥሏል።

አቶ ደምለውን ያገኘችው የሰሊጥ ሚዛናቸው አጠገብ፣ ጀላቢያቸውን ወደ ላይ ሰብስበው በሹፌር ላይ ሲቆጡ ነው። ኮንቴነሩን የሰጡት፣ ለገጹ በየዓመቱ ወደ ውጭ አገር የሚላከውን የኢንተርኔት ኪራይም የሚችሉት እርሳቸው ናቸው።

«ከመምህሩ ጋር ተጣልተው ነበር፣ አንቱ?»

«እኔ ከአስተማሪ ጋር ምን አጣላኝ? ስለ ሠራተኞች አንዳንድ ነገር ይለፈልፋል ሲሉ ሰምቻለሁ። ለፍላፊ አገሩን ሞልቶታል፣ ልጄ።»

«ረቡዕ የት ዋሉ?»

«የት ልዋል! ከንጋት ጀምሮ አደባባዩ ላይ እንደ ቆሎ ነጋዴ ተገትሬ ዋልኩ። አንድ ሠራተኛ አጥቼ ሰምሰሜ ቆሞ እየረገፈ! ሰሊጥ ደርሶ ሳያጭዱት ሁለት ቀን ካለፈው ምርቱ የመሬት ነው፤ አንቺም የገበሬ ልጅ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ።»

«ሠራተኛ ምን ሆኖ ጠፋ?»

«ኧረ ተዪኝ» አሉና ወደ ሹፌሩ ዞሩ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ እፀገነት የባንተአምላክን ስም ስትሰማ ጓንቷን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አለቀሰች፤ ቶሎ ግን ዓይኗን ጠረገች።

«ስሞቹን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ካላዛር ነው፣ ወባ ነው፤ ብቻ በጊዜው ቢመጡ የሚድኑ ነበሩ። ከእርሻው ትራክተር ያመጣና እዚያ ግራር ሥር አውርዷቸው ይሄዳል። ‹ስማቸው ይጻፍ፣ ቤተሰብ ይወቅ› አልኩት። ስንሻው አልጽፍም ብሎት ስለነበር እሑድ ራሱ ጎንደር ሄዶ ጻፈው። እኔም ሰኞ ጠዋት መድኃኒት ላመጣ ሸሕዲ ሄጄ አነበብኩት። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ሲወርድ አግኝቼዋለሁ፤ ደስ ብሎት ነበር።»

«ረቡዕስ አየሽው?»

«አላየሁትም። ገርሞኝ ነበር። ቀብሩ ላይ አይቀርም ብዬ ነበር።»

«የምን ቀብር?»

«ማክሰኞ ማታ አንድ የደሴ ልጅ እዚሁ ሞተብኝ። አሥራ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ወገን የለውም። እዚህ አገር ወገን የሌለው ሠራተኛ ሲሞት፣ የዚያን ቀን ሠራተኛው ጉልበቱን አይሸጥም፤ ሁሉም ወጥቶ ይቀብረዋል። ባንተአምላክ ግን ከዚያ ሁሉ ቀብር አንድም ቀርቶ አያውቅም።»

ሐዋ ከጤና ጣቢያው ወጣች። ወደ ሸሕዲ ተመልሳ ስንሻው ኢንተርኔት ቤት ገባች። ስንሻው ዓይኑ አባብጧል። ሳትጠይቀው ገጹን ከፈተላት። ከላይ፣ «ረቡዕ። የዛሬ የቀን ሥራ ዋጋ 95 ብር፣ ምግብ በአሠሪው» ይላል። የአሥራ አንዱ ስም ዝርዝር የለም።

«ደውሎ ነው የነገረህ?»

«አዎ፣ እንደ ልማዱ አንድ ሰዓት ላይ። ድምፁ ደኅና ነበር። ይኼ ሰው ይሞታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?»

«አንተ ኮኪት የሄድከው መቼ ነው?»

«ካለፈው እሑድ ወዲህ አልረገጥኳትም፣ ኢንስፔክተር።»

«ገጹ ላይ መጻፍም ማንሣትም የሚችል ማን ነው?»

«እኔና እሱ። የገጹን መግቢያ ቁልፍ ሌላ ሰው አያውቅም።»

«ነገ ስድስት ሰዓት ኮኪት፣ ኮንቴነሩ ጋ እንገናኝ» አለች ሐዋ።

ዓርብ በስድስት ሰዓት አምስቱ ኮንቴነሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ አቶ ደምለው ወንበር ላይ፣ እፀገነትና ስንሻው አግዳሚ ላይ፣ አዱኛ ከነሰንሰለቱ መሬት ላይ፣ ሰማኸኝ አጠገቡ። የጎንደሩ መኪና ለዘጠኝ ሰዓት ተዘጋጅቶ ቆሟል።

«ከውኃው ልጀምር» አለች ሐዋ፣ ጀሪካኑን በእጇ መታ አድርጋ። «ማክሰኞ አሥር ሰዓት ላይ ተሞላ። ዛሬም ሙሉ ነው። ረቡዕ ሙሉ ቀን በዚህ ሙቀት አንዲት ኩባያ ያልጠጣ፣ ጆንያውን ያላረጠበ የቆላ ሰው አለ?»

«ሻይ ጠጥቶ ይሆናል» አለ ስንሻው።

«ሊሆን ይችላል። በውኃ ብቻ ሰው አልከስም። ሁለተኛው ወረቀቱ ነው።» የአዱኛን ወረቀት ዘረጋች። «ይህ ሰኞ ገጹ ላይ ነበር። ትናንት ግን አልነበረም። ስንሻው፣ ያነሣኸው መቼ ነው?»

«እኔ አላነሣሁም! ራሱ ተጸጽቶ አንሥቶት ይሆናል።»

«አቶ ደምለው፣ ማክሰኞ ማን ደወለልዎ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ አሽከረከሩ። «ይኼው ስንሻው ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ‹ስምዎን የሚያነሣ ነገር ወጥቶ ነበር፣ አጥፍቼዋለሁ፣ አይቀየሙን› አለኝ።»

«በዚያ ሰዓት ባንተአምላክ አውቶቡስ ውስጥ ነበር» አለች ሐዋ። «ያነሣኸው አንተ ነህ። ሲመለስ ደግሞ እንደገና እንደሚጽፈው ታውቅ ነበር። አሁን ወደ ረቡዕ እንምጣ። አቶ ደምለው፣ ረቡዕ በዚህ አደባባይ ዋጋው ስንት ሆኖ ተቆረጠ?»

«ምን ዋጋ አለና! ሰው ሁሉ ቀብር ሄዶ! አንድም አልቆመ፣ አንድም አልተቆረጠ።»

«እፀገነት?»

«ዋጋ አልነበረም።»

«ሰማኸኝ?»

«አልነበረም… እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ። ስንሻው በስልክ ‹የረቡዕን ዋጋ ነግሮኛል› ሲለኝ ግን…»

«ከፍተህ ብታነበው ኖሮ ይኸ ሰው ለአንዲት ሌሊትም አይታሰርም ነበር። ረቡዕ ኮኪት የዋለ ሰው ሁሉ፣ ሕፃን እንኳ፣ ዋጋ እንዳልነበረ ያውቃል። ባንተአምላክ በሕይወት ቢኖር ከሁሉ በፊት እሱ ያውቀው ነበር። ‹95 ብር› ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ረቡዕ እዚህ ያልነበረ፣ ቀድሞ የተጻፈ ዋጋ መልሶ የገለበጠ፣ ሟቹ አንድ ቀን ጨምሮ እንዲኖርለት የፈለገ ሰው ብቻ ነው። ቁልፉ ደግሞ ያለው ከሁለት ሰዎች ጋ ነው፤ አንደኛው ሞቷል።»

ስንሻው ወደ ኮንቴነሩ በር ቀና ብሎ ሰማያዊውን ጽሑፍ ተመለከተ። እሱ ራሱ ነበር የቀባው።

«ለመንኩት» አለ። «ማክሰኞ አመሻሽ መጥቼ እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ‹አቶ ደምለው ክፍያውን ቢያቆሙ ገጹ በጥር ይዘጋል፤ ሦስት ዓመት ያለ ደመወዝ የሠራነው ከንቱ ይቀራል። ዛሬ ዝም ብንል ነገ ለሌላ ሺህ ሰው እንጽፋለን› አልኩት። ‹ገጹ ይህን ካልጻፈ ለምን ይኖራል?› አለኝና ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ሳቀብኝ ኢንስፔክተር። ያን ጊዜ ማኖቬላው እጄ ላይ ነበር።»

«ለገጹ ብለህ?» አለች እፀገነት በሹክሹክታ።

«ሌላ ምን ነበረኝ?»

አቶ ደምለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አንተ ልጅ፣ ያን ክፍያ እኮ እኔ ከመስከረም ጀምሮ ልተወው ወስኜ ነበር። ማንም አያየውም አሉኝ። ለአንድ ኩንታል ገዢ እንኳ አላመጣልኝም። ልነግራችሁ አስቤ ሰሊጡ ያዘኝ።» ከዚያ ወደ ሐዋ ዞሩ። «ዝርዝሩንም ቢሆን ማን ያነበው ነበርና ነው?»

«አራት ሰው አንብቦታል» አለች ሐዋ። «ጽፎ ያነበበው ባንተአምላክ፣ ስሙን የሰጠችው እፀገነት፣ ያጠፋው ስንሻው። አራተኛዋ ፍኖተ ሰላም ያለች መምህርት ናት።»

ሰማኸኝ ሰንሰለቱን ከአዱኛ እጅ ፈትቶ፣ ማጭዱንና ወረቀቱን መልሶለት፣ ወደ ስንሻው ሄደ። የዘጠኝ ሰዓቱ መኪና ስንሻውን ጭኖ ተነሣ። አቶ ደምለውን የሚጠይቅ ሕግ በዚያን ቀን አልመጣም፤ ሐዋ ዘገባዋ ውስጥ አሥራ አንዱንም ስም አስገብታ ላከች፤ መልስ አልደረሳትም። ሽማግሌው ግን ከዘራቸውን ይዘው ወደ ሚዛናቸው ሲመለሱ ሁሉም አይቷል።

አዱኛ እጁን እያሸ ቆመ። «እህቴ» አላት እፀገነትን፤ «መቃብሩን የሚያውቀው ሰውዬ ሞቷል። እንግዲህ ማን ያሳየኛል?»

ይዛው ወደ ግራሮቹ ሄደች። ሐዋም ተከተለቻቸው። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በተርታ የተከመሩ ድንጋዮች አሉ፤ ስም የሚባል የለባቸውም። የመጨረሻው፣ የደሴው ልጅ፣ አፈሩ ገና አልደረቀም።

«ባንተአምላክ ስሞቹን የጻፈው በተቀበሩበት ቅደም ተከተል ነው» አለች እፀገነት። «ከግራሩ ጀምረህ ቁጠር።»

አዱኛ ወረቀቱን ከፍቶ፣ ማንበብ ስለማይችል ቁጥሮቹን በጣቱ እየነካ፣ ከአንዱ ድንጋይ ወደ አንዱ እያለፈ ቆጠረ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ተቀመጠ። ማጭዱን ከጎኑ አኖረና ድንጋዩ ዙሪያ የበቀለውን አረም በእጁ መንቀል ጀመረ።

«የኮኪት ገጽ» እስከ ጥር ድረስ ቆየ። ቁልፉን ከሚያውቁት አንዱ መቃብር፣ ሌላው ወኅኒ ቤት ስለነበሩ የሚያስተካክለው አልተገኘም። ሰሊጡ ተሰብስቦ፣ ሠራተኛው ወደ ደጋ ተመልሶ፣ አደባባዩ ባዶ ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ከላይ «ረቡዕ። የዛሬ የቀን ሥራ ዋጋ 95 ብር፣ ምግብ በአሠሪው» ይል ነበር። በጥር የዓመቱ ክፍያ አልቆ እስኪዘጋ ድረስ፣ ገጹን ከፍቶ ያ ውሸት ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም።